የክርስትና ልጄ አጥንት

ጨካኟ ቫርቫራ ይሉኛል። ይበሉ። የክርስትና ልጇን አጥንት እንደ ድመት ሬሳ ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው ብለው፣ ከቅዳሴ ስወጣ መንገድ ይለቁልኛል፤ ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምቼ አደግሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉም ዝም አልኩ። ስንት ዝንብ እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ግን እናገራለሁ። ስለ ሸፊካ ነው።

ሸፊካ የእኛ ሰው አልነበረችም። ከላይ፣ ከተራራው ናት፤ ፖማክ ከሚባሉት የተራራ እስላሞች። የእኛ መንደር ደግሞ ቱርክ ከጥቁር ባሕር ዳር ያባረራቸው ክርስቲያኖች የሰፈሩበት ነው። አያቴ «ቱርክ» የሚለውን ቃል ከተናገረች ተነስታ አፏን ትጉመጠመጥ ነበር። እና አንዲት እስላም ስትመጣ ፖማክ ትሁን ቱርክ ማን ይጠይቃል? «ቱርኳ» አልናት፣ ቱርኳ እንደተባለች ኖረች።

የመጣችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትንባሆ ለመሰካት። ያኔ የትንባሆ ወራት ሲደርስ ከተራራው ሴቶች ይወርዱና ቅጠሉን በረጅም መርፌ እየሰኩ ክር ላይ ያስገቡ ነበር። ከፓርቴና ጎን አስቀመጧት። ፓርቴና አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የወንድ ጫማ የምታደርግ፣ ትራክተር የምትነዳ፣ ስትሳደብ ፈረስ የምታስደነብር ሴት ነበረች። ወራቱ አለቀ፤ ሌሎቹ ወደ ተራራው ተመለሱ። ሸፊካ ቀረች። አርባ አምስት ዓመት ቀረች።

ፓርቴና የእኛን ዐቢይ ጾም ትጾማለች፣ ሸፊካ ረመዳኗን። «ይሄ ቤት ግማሹን ዓመት ረሃብ ነው፣ ግማሹን ዓመት ሌላኛዋን ላለማስጎምጀት መደበቅ ነው» ትል ነበር ፓርቴና። በረመዳን ሲጋራዋን የምታጨሰው ከእኔ ቤት ጀርባ ቆማ ነው። በፋሲካ ደግሞ እንቁላሉን ቀይ የምታቀልመው ሸፊካ ናት፤ በመንደሩ እንደ እሷ አሳምሮ የሚያቀልም አልነበረም። በዓመት አንዴ፣ በእነሱ በዓል፣ ወንድሟ ሳሊህ አንድ ማሰሮ ማር ይዞ ይወርዳል። ግቢውን አይረግጥም፤ በሩ ላይ ቆሞ ማሰሮውን ይሰጣታል፣ ግንባሯን ይስማታል፣ ይሄዳል።

እናውቅ ነበር ወይ? እንዴት አናውቅም! ፓርቴና ሳንባዋን ስትታመም ሐኪሙን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ሁለት ክፍል ነው ቤቱ፣ አልጋው ግን አንድ ነው። ደግ በሆንን ቀን «ጓደኛሞቹ» እንላለን፤ ወይን ጠጅ የቀማመስን ቀን ሌላ ነገር እንላለን። ፊት ለፊት ግን ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። ስም ያልወጣለት ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ብለን ነበር የተስማማነው፤ እነሱም ተስማምተው ኖሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እቀናባቸው ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሳይ ፓርቴና በዚያ በትንባሆ በጠቆረ ጣቷ ብርቱካን ትልጣለች። ነጩን ክር ሳይቀር አንድ በአንድ ነቅላ፣ ለሁለት ከፍላ ለሸፊካ ሰጠቻት። ሸፊካ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም፤ የለመደችው ነገር ነው። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ባል አግብቼ ማንም ብርቱካን ልጦልኝ አያውቅም። ያን ቀን ገብቼ ድስት ሳጥብ አንዱን ሰበርኩት።

ፓርቴና ሞተች። ያን ጊዜ ኤፍቴርፒ መጣች፣ የወንድሟ ልጅ፣ ከተማ ክሳንቲ የምትኖር፣ መስቀሏ ከደረቷ የሚሰፋ። አክስቷን በቁሟ በዓመት አንዴም አይታት አታውቅ፤ ለሬሳዋ ግን ፊተኛ ሆነች። ሸፊካ ቡናማ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ጥቁር ልትለብስ ስትል ኤፍቴርፒ፣ «ጥቁር የሚለብሰው ዘመድ ነው» አለቻትና ነው። ከአስከሬኑ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል ደግሞ፣ «አንቺ ለእንግዳው ቡናና ኮኛክ አቅርቢ፣ ቤቱን ታውቂው የለ» አለቻት። በራሷ ሐዘን አስተናጋጅ ሆነች። ስኒዎቹን በትሪ ይዛ ትዞር ነበር። እኔም አንዱን አንስቻለሁ፣ ስኳር አነሰው ብዬም መልሻለሁ።

ቤቱን ኤፍቴርፒ ወረሰች። ሸፊካን ከጓሮ፣ ትንባሆ የሚደርቅበት መጋዘን ውስጥ ተወቻት። «አላባረርኳትም» ትላለች እስከ ዛሬ፤ ምስክር ነሽ ትለኛለች። እውነት ነው፣ አላባረረቻትም፤ ምድጃውን ብቻ ነው የወሰደችው።

እኛ ዘንድ ሰው አንዴ ተቀብሮ አያበቃም። በአምስተኛው ዓመት ይወጣል። የቅርብ ሴቶች አጥንቱን በወይን ጠጅ ያጥቡታል፣ ግንባሩን ይስሙታል፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ስምና ፎቶ ባለበት ሣጥን ያደርጉና አጥንት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል። ሰው የሌለው ብቻ ነው ከአጥንት ቤቱ ጀርባ፣ የብረት ክዳን ባለው የጋራ ጉድጓድ የሚጣለው። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ከወጣ ነፍሱ ምሕረት አግኝታለች፤ ከጠቆረ ወዮለት። በመንደራችን አጥንት የማጥበው እኔ ነኝ፣ ከእናቴ የወረስኩት ነው። የፓርቴና አምስተኛ ዓመት ሲቃረብ ሴቶቹ ሽንኩርት ሊበደሩ የመጡ እየመሰሉ ይጠይቁኝ ጀመር። «ቫርቫራ፣ ጥቁር ነው የሚወጣው፣ አይደል?»

ሸፊካም መጣች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጎብጣለች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«ቫርቫራ፣ እኔ ልጠባት» አለችኝ። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ቤቱንም ትውሰደው፣ ትራክተሩንም ትውሰደው። በእጄ ልጠባትና ሣጥኗ ውስጥ ላስተኛት። ከዚያ በየቀኑ እየሄድኩ ሻማ አበራለሁ። ይኸው ነው።»

ይዣት ወደ አባ ፖሊካርፖስ ሄድኩ። አባ ጢማቸውን አሻሹ። «ያልተጠመቀ እጅ የክርስቲያን አጥንት አይነካም፣ ልጄ» አሏት።

«እንግዲያው ያጥምቁኝ» አለች።

«በሰባ ሁለት ዓመትሽ?»

«ውሃው ዕድሜ ይጠይቃል እንዴ አባ?»

የክርስትና እናት ያስፈልጋታል አሉ። ማንም እሺ አላለም። እኔ አልኩ። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ሁሉ በሚያየኝ ቦታ መቆም ስለምወድ ነው።

በጥር አጠመቅናት። አዋቂ የሚገባበት ማጥመቂያ ስላልነበረን ወይን የሚረገጥበትን ገንዳ አመጣን። በሸሚዟ ብቻ ሆና ስትገባ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር፤ ሴቶቹ ከኋላ ይሳሳቃሉ። ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ካጂው አሏት፣ ካደችው። «ታምኛለሽ?» አሏት አባ። «ፓርቴና ያመነችውን አምናለሁ» አለች። አባ ሳሉ፣ እንዳልሰሙ ሆነው አለፉት። እኔ ዘይቱን ቀባኋት፤ ጀርባዋ አጥንት ብቻ ነበር። ስም ላወጣላት ስል በጆሮዬ፣ «እባክሽ፣ ፓርቴና በይኝ» አለችኝ። ኤፍቴርፒ ፊት ለፊቴ ቆማ ዓይኗን ታጉረጠርጣለች። አፌን ከፈትኩ፣ «ካሊዮፒ» አልኩ። የአማቴ ስም ነው፤ ያቺን ሴት እስክትሞት ጠልቻታለሁ። እንዲሁ ነው የመጣልኝ። ሸፊካ ከገንዳው ስትወጣ እጄን ሳመች፣ የክርስትና እናት እጅ ይሳማልና።

ወሬው ተራራው ላይ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም። ሳሊህ ወረደ፣ በዓል አልነበረም፣ ማርም አልያዘም። ከበሩ ቆሞ የእናታቸውን ሻሽ አጥሩ ላይ ጣለ።

«ከሴት ጋር ኖርሽ፤ ዝም አልኩ» አላት። «ሰው ሲጠይቀኝ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት አልኩ። አርባ አምስት ዓመት ዋሸሁልሽ! አሁን ግን ሃይማኖትሽን ሸጥሽ። እናታችን አጠገብ ያቆየሁልሽን ቦታ ለሌላ ሰጥቻለሁ። መቃብር የለሽም።»

«ሳሊህ፣ ወንድም ጋሼ...» አለችው።

ወደ ኋላ አላየም። ሻሹን ከአጥሩ ላይ አነሳችና አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። እኔን ስታይ፣ «ምንም አይደል፣ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም» አለች። ለሙታን ቅዳሜ ነበር የተቀጠርነው፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለችው።

ሐሙስ ከሰዓት ኤፍቴርፒ ቤቴ መጣች።

«ነገ ጠዋት እናወጣታለን» አለችኝ።

«ለቅዳሜ ነው የተባባልነው። ሸፊካ...»

«እህ፣ ሸፊካ ምን?»

«ተጠምቃለች እኮ ኤፍቴርፒ። አባም ፈቅደዋል።»

«ተጠመቀች፣ እሰየው። ለነፍሷ ይጥቀማት። አጥንት የሚያጥበው ግን ዘመድ ነው። ምኗ ናት? በይ ንገሪኝ፣ የአክስቴ ምኗ ናት?»

አየኋት። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እኔና እሷ፣ ድመቷም ጭምር፣ ቃሉን እናውቀዋለን። አልወጣ አለኝ። ብናገረው መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ልሆን ነው፤ ነገ ደግሞ ቫርቫራ እንዴት አወቀች ይባላል። ያ ብርቱካንም ትዝ አለኝ፣ አልዋሽም። ሸፊካ ሁሉ ነገር ሊሳካላት ነው ወይ፣ አልኩ በሆዴ። እኔ የባሌን አጥንት ሳጥብ ማንም አብሮኝ አላለቀሰም።

«ምንም አይደለችም» አልኩ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት» አለች።

ዓርብ ጠዋት መቃብር ቆፋሪው ላዛሮስ አወጣት። ነጭ ነበረች። እናንተ፣ በሕይወቴ እንዲያ ያለ አጥንት አይቼ አላውቅም፤ የማር ሰም ነው የሚመስለው፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለባትም። ኤፍቴርፒ ፊቷ ተለዋወጠ። ጥቁር ሆኖ እንዲወጣላት ስንት ሻማ እንዳበራች እግዜር ይወቅ። በወይን ጠጁ አጠብኳት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ጨርቁን ስዘረጋ ኤፍቴርፒ፣ «ሣጥን የለም» አለች። «ወደ ጉድጓዱ።»

«አንቺ! ዘመድ እያላት?»

«መደርደሪያ ላይ ባኖራት ያቺ ቱርክ በየቀኑ እየመጣች ስሟን እየዳበሰች ታለቅሳለች። የአያቶቼ አጥንት ፊት! ጉድጓድ ላይ ምን ትዳብሳለች? ክዳን?»

ላዛሮስ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ክዳኑን አነሳው። ግንባሯን የሳመ ሰው የለም፤ እኔም አልሳምኩም።

ቅዳሜ ሸፊካ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ማሰሮ ወይን ጠጅ፣ በእጇ የሰፋችው ነጭ ጨርቅ፣ በሮማን ፍሬና በስኳር ያሳመረችው ንፍሮ ይዛለች። ሴቶቹ ሁሉ ለየሙታናቸው ፍትሐት ተሰብስበዋል፤ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ባዶው መቃብር ጋ ደርሳ ቆመች።

«ቫርቫራ፣ የት ናት?»

በጣቴ የብረት ክዳኑን አሳየኋት።

አልጮኸችም። እኔ ጩኸት ነበር የጠበቅሁት፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ታጥባለች?»

«እኔ ነኝ ያጠብኳት።»

«በወይን ጠጅ?»

«በወይን ጠጅ።»

«ምን ሆና ወጣች?»

«ነጭ» አልኩ። «ነጭ ነበረች ሸፊካ፣ በእናቴ አጥንት።»

ራሷን ነቀነቀች፣ እንደምታውቀው ሁሉ። ከዚያ፣ «ግንባሯን ሳምሽልኝ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እንደ ደንቡ ንፍሮውን ማደል ጀመረች፤ መጀመሪያ ለኤፍቴርፒ። ኤፍቴርፒ ተቀበለች፣ በላች፣ ሮማኑ ጥሩ ነው አለች። ወይን ጠጁን ግን ሸፊካ ይዛው ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረች። ሻማዋን ክዳኑ ላይ ታበራለች፤ ኤፍቴርፒ ለአባ ተናግራ፣ እሳት ያስነሳል ተብሎ ተከለከለ። ባዶ እጇን እየመጣች ትቆም ነበር። እኔ ሾርባ እወስድላት ጀመር። ትጠጣዋለች፣ አታመሰግነኝም። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ከመጋዘኑ አልጋዋ ሳትነሳ እጄን ያዘችኝ።

«እማማ» አለችኝ። ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ግን የክርስትና እናቷ ነኝ። ከጥምቀቱ ጀምሮ እንዲህ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። «ይቅር አላልኩሽም፣ እንዳይመስልሽ። ግንባሯንም እንዳልሳምሽ አውቃለሁ። ግን ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም፤ በሕጋችሁ አጥንቴን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ያን ቀን ሣጥን እንዳታደርጊልኝ። ፎቶም፣ መደርደሪያም አልፈልግም። ክዳኑን አስነሺና ጣይኝ።»

«እሺ» አልኩ።

«እንደዚያ ቀን አዎሽ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። በማግስቱ ሞተች። ሻሹን ከብብቷ አውጥቼ ራሷ ላይ አሰርኩላት። መስቀሏ ላይ «ካሊዮፒ» ብለው ጻፉ፤ ካሊዮፒ ማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ባለፈው ጥቅምት አምስት ዓመት ሞላት። ላዛሮስ ቆፈረ። መንደሩ ሁሉ ወጣ፣ የቱርኳን ጥቁር አጥንት ለማየት። ነጭ ወጣች። ሴቶቹ ተራ በተራ እያማተቡ ወደ ኋላ ሸሹ፤ የተከፉ ነበር የሚመስሉት። ያን ማሰሮ ወይን ጠጅ ከመጋዘኑ አግኝቼው ነበር፤ ኮምጥጧል። በእሱ አጠብኳት። በራሷ እጅ በሰፋችው ጨርቅ ጠቀለልኳት።

«ሣጥኑ የታለ?» አለ ላዛሮስ።

«የለም። ክዳኑን አንሳልኝ።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። «የክርስትና ልጅሽን? ኧረ አንቺ ቫርቫራ፣ ፈጣሪን ፍሪ!»

ያን ጊዜ ኤፍቴርፒ ወደ ፊት መጣች። አረጀች እሷም፤ መስቀሏ ግን እንደዚያው ነው። «እኔ እገዛላታለሁ» አለች ጮክ ብላ። «ምስኪን፣ ዘመድ የላት! የተቀረጸ ሣጥን፣ ከነፎቶዋ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከቅዱስ ሥዕሉ ሥር።»

«ተባረኪ ኤፍቴርፒ!» አሉ ሴቶቹ። አንዷ አለቀሰች እንኳ። እኔ ግን የኤፍቴርፒን ዓይን አየሁት፤ የሚያየው ክዳኑን ነው። ገብቷታል። ከመንደሩ ሁሉ የገባን እኔና እሷ ብቻ ነን። ላይኛው መደርደሪያ ከወጣች ከጉድጓዱ ሠላሳ እርምጃ ርቃ፣ ከቅዱስ ሥዕሉ ሥር አጊጣ፣ እስከ ምጽአት ብቻዋን ልትቀመጥ ነው።

«አያስፈልጋትም» አልኩ። «ሰው አላት።»

«ማን አላት?» አለች ኤፍቴርፒ ፈገግ ብላ። «የማን ምን ናት?»

እዚያው ጥያቄ ላይ ተመለስን። አሁን ሰባ አራት ዓመቴ ነው።

«ባለቤቷ እዚያ ውስጥ ናት» አልኩ። «ፓርቴና። ባለቤቷ ነበረች። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እናንተም ሁላችሁ ታውቃላችሁ።»

ያን ያህል ሰው ባለበት ላዛሮስ ክዳኑን ሲጎትት ብረቱ ድንጋዩን ሲፍቅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ግንባሯን ሳምኩ። ደግሜ ሳምኩ፤ አንዱ የእሷ ነው፣ አንዱ ያን ዓርብ ያልሳምኩት ነው። ከዚያ ጨርቁን ፈትቼ ደፋኋት።

ያልኩትን ቃል እስከ ዛሬ ማንም አላነሳብኝም፤ ያልሰሙት ሆነዋል። የሚያወሩት ስለ ጉድጓዱ ብቻ ነው፤ ኤፍቴርፒ ሣጥን ልትገዛ ስትል ቫርቫራ ከልክላ አጥንቷን እንደ ጉድፍ ደፋችው እያሉ ነው። ለዚህ ነው ጨካኝ የተባልኩት። ፓርቴናን በጣልናት በዚያ ዓርብ ጠዋት ከመቃብሩ እጄን ታጥቤ ስመለስ ግን፣ በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት አደርሽ ቫርቫራ» ብሎ በደኅና ነው ሰላም ያለኝ።